«ከዲያብሎስ ጋር የተገባ ውል»? የሄይቲ ቩዱ፣ የሰው ክብርና የምስክርነታችን እውነተኛነት

ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶ ፕሬንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። በማግስቱ፣ ሬሳው ገና ከፍርስራሹ ሥር ሳይወጣ፣ አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ሰባኪ ፓት ሮበርትሰን የመከራውን ምንጭ ለተመልካቾቹ ነገራቸው። ሄይቲያውያን ከፈረንሳዮች ነጻ ለመውጣት ሲሉ ከዲያብሎስ ጋር ውል ገብተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እርግማን ተለይቷቸው አያውቅም፤ የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ እርስዎም በስብከት ወይም በጸሎት ጉባኤ ሰምተውት ይሆናል። ለመድረክ ምሳሌ የሚመች ታሪክ ነው፤ ሌሊት አለበት፣ ጫካ አለበት፣ ደም አለበት፣ በመጨረሻም ቅጣት አለበት። የጎደለው ማስረጃ ብቻ ነው። ማስረጃ የሌለው ክስ ደግሞ፣ የተከሰሰው ጣዖት አምላኪ ቢሆንም እንኳ፣ በዘጠነኛው ትእዛዝ ፊት ያው የሐሰት ምስክርነት ነው።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ውሉ በታሪክ ይገኝ እንደሆነ እንመረምራለን። ከዚያ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ጥያቄ ነው፤ ባሪያዎቹና ልጆቻቸው በቩዱ ውስጥ ያኖሩት አሳብ፣ ሥነ ምግባርና የአብሮነት ኑሮ ምን ይመስል ነበር? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ቩዱ ከምንም በፊት «ሰው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሕግ «ዕቃ ናችሁ» ያላቸው ሰዎች የሰጡት መልስ ነው። መልሱን እንደ ክርስቲያን ሙሉ በሙሉ መቀበል አንችልም። ጥያቄውን እንዲጠይቁ ያስገደዷቸው ግን የተጠመቁ ጌቶቻቸው ነበሩ።

የተጠመቀ ዕቃ

በ1685 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ «ኮድ ኗር»፣ ማለትም «ጥቁሩ ሕግ»፣ ተብሎ የሚታወቀውን ዐዋጅ አወጣ። አንቀጽ 2 በቅኝ ግዛቶቹ ያሉ ባሪያዎች ሁሉ እንዲጠመቁና የካቶሊክን ሃይማኖት እንዲማሩ ያዝዛል። አንቀጽ 44 ደግሞ ባሪያዎች ተንቀሳቃሽ ንብረት መሆናቸውን ይደነግጋል፤ እንደ ወንበርና እንደ ድስት ወራሾች የሚከፋፈሏቸው ማለት ነው። በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እነዚህን ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያነባቸው መልካም ነው። ጥምቀት ሰውን የክርስቶስ አካል ብልት እንደሚያደርገው እናስተምራለን። እዚህ ግን አንዱ ሕግ፣ በአንድ ማኅተም፣ ያጠመቀውን ሰው መልሶ የቤት ዕቃ አደረገው። ስለ ቩዱ የሚጻፍ ማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከከበሮው ይጀምራል።

ይህ ሕግ በዋናነት ከጸናባቸው ቦታዎች አንዷ ሳን ዶማንግ፣ የዛሬዋ ሄይቲ፣ ነበረች። በ1789 አካባቢ በዚያች ቅኝ ግዛት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ባሪያዎች ነበሩ፤ ነጮቹ ከ40,000 አይበልጡም። የሸንኮራ እርሻው ሰው ይፈጅ ነበር። የሚሞተው ከሚወለደው ስለሚበልጥ፣ ባለ እርሻዎቹ የጎደለውን በየዓመቱ ከአፍሪካ በሚመጡ መርከቦች ይተኩ ነበር። ስለዚህ በአብዮቱ ዋዜማ ከባሪያዎቹ አብዛኞቹ አፍሪካ የተወለዱ፣ የእናታቸውን ቋንቋና የአባታቸውን ቀዬ የሚያስታውሱ ነበሩ።

ከዳሆሜ፣ ከዛሬዋ ቤኒን ማለት ነው፣ የፎን ሰዎች መጡ፤ «ቮዱን» የሚለው ቃል በእነርሱ ቋንቋ መንፈስ ወይም አምላክ ማለት ነው። ዮሩባዎችም ነበሩ። ከኮንጎ የመጡት ደግሞ እጅግ ብዙ ነበሩ፤ የኮንጎ ንጉሥ የተጠመቀው በ1491፣ ሉተር 95ቱን ነጥቦች ከማውጣቱ 26 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ ሰንሰለት ታስረው ከወረዱት ሰዎች መካከል ክርስትናን ከገዢዎቻቸው ያልተማሩ፣ ከአገራቸው ይዘውት የመጡ ነበሩበት። «አረማውያኑ አፍሪካውያን» የሚለው የተለመደ አጠራር ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

እነዚህ ሰዎች በቋንቋ የማይግባቡ፣ አንዳንዴም በአገራቸው ሳሉ የተዋጉ ነገዶች ነበሩ። በእርሻው ላይ አንድ የሚያደርጋቸው አለንጋው ብቻ ነበር። ቩዱ ሌላ አንድነት ሰጣቸው። በሥርዓቱ ውስጥ መናፍስቱ፣ ማለትም «ልዋ» የሚባሉት፣ «ናንሾን» በሚባሉ ወገኖች ይመደባሉ፤ ራዳ፣ ናጎ፣ ኮንጎ፣ ፔትዎ። በአምልኮው ሌሊት እያንዳንዱ ወገን በተራው፣ በየራሱ ከበሮ አመታትና ዜማ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ማንም አይዘለልም። ባሪያ ሻጩ በመዝገብ ላይ ቁጥር ያደረጋቸውን ሕዝቦች ሥርዓቱ በስማቸው ይጠራቸዋል። ከካህናት የተቀበሏቸውን የቅዱሳን ሥዕሎችም አልጣሏቸውም። ቁልፍ የያዘው ጴጥሮስ የበር ጠባቂው የሌግባ መልክ ሆነ፤ እባብ ከእግሩ ሥር ያለው ፓትሪክ የዳምባላ፤ ሰይፍ የያዘው ያዕቆብ የኦጉ። አንዳንዶች ይህን ከጌቶች ዐይን ለመሰወር የተደረገ ብልኃት ነው ይላሉ። እኔ ግን ብልኃት ብቻ አይመስለኝም፤ ለሁለት መቶ ዓመት የዘለቀ ነገር መሸፈኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የቧ ካይማን ሌሊት

ውል ተገባበት የሚባለው ሌሊት በኦገስት 1791 አጋማሽ ላይ ነው። በሰሜኑ ክፍል ቧ ካይማን በተባለ ጫካ ባሪያዎች ተሰብስበው፣ ዐሳማ አርደው፣ ለዐመፅ ተማማሉ ይባላል፤ መሪያቸውም ዱቲ ቡክማን ነበር። ኦገስት 22 ሌሊት እርሻዎቹ መቃጠል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት የፈጀው ጦርነት ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ላይ የመጀመሪያዋን ነጻ የጥቁሮች ሪፐብሊክ ወለደ።

ስለዚያ ሌሊት የምናውቀው ከየት ነው? በመጀመሪያ የጻፈው አንትዋን ዳልማ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን ጽሑፉ የታተመው በ1814 ነው። ለባሪያዎቹ ምንም ፍቅር የሌለው ሰው ነበር፤ ሊያዋርዳቸው ፈልጎ ነው ስለ ዐሳማው መሥዋዕት የጻፈው። ያም ሆኖ ከሰይጣን ጋር ስለተደረገ ውል አልተናገረም። ሁለተኛው ሄይቲያዊው ኤራር ዱሜል ነው፤ በ1824 ባሳተመው መጽሐፍ የዐውሎ ነፋሱን ሌሊትና በኋላ ቡክማን ጸለየው የተባለውን ጸሎት በግጥም አቅርቧል። ጸሎቱ የሚማጸነው ፀሐይን የፈጠረውን፣ በደመና ተሰውሮ የነጮቹን ግፍ የሚያየውን አምላክ ነው። እንዲያውም የነጮቹ አምላክ ወንጀልን ሲያዝዝ የእኛ አምላክ በጎ ሥራን ይሻል ብሎ ያነጻጽራል። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ሌዮን ፍራንስዋ ሆፍማን ሥነ ሥርዓቱ ጨርሶ አልተደረገም እስከማለት ደርሷል። ዴቪድ ጌገስን የመሰሉ የታሪክ ሊቃውንት ግን ስብሰባው ነበረ፣ ዝርዝሩ ነው በኋላ የዳበረው ይላሉ። ከሁለቱ ወገኖች የትኛውም ዲያብሎስን በቦታው አላገኘውም።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። የአብዮቱ ታላቅ መሪ ቱሴን ሉቨርቱር ካቶሊክ ነበር፤ በ1800 የሌሊት ጭፈራንና የቩዱ ስብሰባን በዐዋጅ ከለከለ። ነጻይቱ ሄይቲ በ1835 ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥም ቩዱ ከጥንቆላ ጋር ተደምሮ ተከልክሏል። አገሪቱ በመናፍስት ውል ከተመሠረተች፣ መሪዎቿ ከውለታ ሰጪያቸው ጋር የነበራቸው ጠባይ እንግዳ ነው።

የውሉ ታሪክ በወንጌላውያን ዘንድ የተስፋፋው ይልቁንም በ1990ዎቹ፣ አገሮችንና ከተሞችን በሚገዟቸው አጋንንት ለይቶ የሚያስቀምጠው «መንፈሳዊ ካርታ» የሚባለው ትምህርት በገነነበት ዘመን ነው። ከነገሩ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ማለት ነው። ጌታ በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን ሰዎች አንሥቶ የተናገረው፣ በዮሐንስ 9 ደግሞ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አንሥተው ለጠየቁት የሰጠው መልስ ይህን ዓይነቱን ሒሳብ አስቀድሞ ዘግቶታል፤ ያንን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም።

የተፈረመ ውል ከፈለጉ ግን አንድ አለ። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 10ኛ የጦር መርከቦች ልኮ፣ ሄይቲ ነጻነቷ እንዲታወቅላት 150 ሚሊዮን ፍራንክ ለቀድሞ ባለ እርሻዎች ካሳ እንድትከፍል አስገደደ። ከካሳው ውስጥ የገዛ ሰውነታቸው ዋጋ ጭምር ነበረበት። ፕሬዚዳንት ቦየር ፈረሙ። በ1838 ገንዘቡ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ለመክፈል የተወሰደው ብድር ከነወለዱ እስከ 1947 ድረስ አገሪቱን ተከተላት። ትምህርት ቤትና መንገድ ሊሆን የሚችለው የቡና ገንዘብ የሄደው ወደዚያ ነው። (በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሞ ለእኛ የተከራከረው ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር የዚህችው ባለ ዕዳ አገር ልዑክ ነበር።)

ሰው፣ ፈረስ፣ ዞምቢ

አሁን ወደ አሳቡ እንግባ። ቩዱ የተጻፈ መጽሐፍ ወይም የሃይማኖት መግለጫ የለውም፤ ትምህርቱ ያለው በሥርዓቱ፣ በዘፈኑና በተረቱ ውስጥ ነው። ዝርዝሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዋናው መስመር ግን ግልጽ ነው።

ሰው ሥጋ ብቻ አይደለም። ሁለት ነፍሳት አሉት፤ «ግሮ ቦናንጅ» ወይም ትልቁ መልካም መልአክ፣ «ቲ ቦናንጅ» ወይም ትንሹ መልካም መልአክ። አንዱ ሕይወትንና ንቃትን ይሰጣል፣ ሌላው የሰውየውን ጠባይና ኅሊና ይዟል። በራሱ ላይ ደግሞ «የራስ ጌታ» የሚባል ጠባቂ ልዋ አለው። ሲሞት ነፍሱ ወደ ውኃ በታች ይወርዳል፤ ከዓመት ከአንድ ቀን በኋላ ቤተሰቡ በሥርዓት ይጠራውና ወደ ቤት ይመልሰዋል። ሙት ዓመትን ለምናውቅ ለእኛ የዚህ ነገር ክብደት አይጠፋንም። እነዚህ ሰዎች ግን ብዙ ዘመዶቻቸው ቃል በቃል ከውቅያኖስ በታች የቀሩባቸው ናቸው።

ሕጉ «ተንቀሳቃሽ ንብረት» ያለውን ሰው ይህ ትምህርት በነፍስ ላይ ነፍስ ደራርቦለት፣ በሙታንና በሕያዋን መካከል ቦታ ሰጥቶት፣ ማንም ሊሸጠው የማይችል ጌታ በራሱ ላይ አስቀምጦለታል። በአምልኮው ሰዓት ልዋው በሰው ላይ ይወርዳል፤ ሰውየውም «ፈረስ» ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ ቃሉ አዲስ አይሆንብዎትም፤ በእኛም አገር የዛር ፈረስ ይባላል። መመሳሰሉን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ተቀምጦ መልካም አየሁ በተባለች ባለ ዛር ቤት ለወራት የሆነውን መዝግቧል፤ በ1948 ደግሞ ሄይቲ ሄዶ ከወዳጁ ከአልፍሬድ ሜትሮ ጋር የቩዱን ሥርዓት ተመልክቷል። ሌሪስ ስለ ጎንደር ዛር፣ ሜትሮ ስለ ሄይቲ ቩዱ የጻፏቸው መጻሕፍት ሁለቱም በ1958 ታተሙ። ሁለቱም ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ፤ በዘወትር ኑሮዋ ማንም የማይሰማት ምስኪን ሴት፣ ፈረስ በሆነች ሰዓት መንደሩ ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣታል። ያ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ እኛ የምንሰጠው መልስ ከሌሪስ ይለያል። ሴቲቱ ሌላ ጊዜ ለምን እንደማትሰማ ግን ቤተ ክርስቲያንም ልትጠየቅ ይገባታል።

ዞምቢም በዚሁ ብርሃን ይታይ። ፊልም የሚያሳየን ሰው የሚበላ ሬሳ በሄይቲ ተረት ውስጥ የለም። የሄይቲ ዞምቢ ነፍሱን የተሰረቀ፣ ፈቃድ የሌለው፣ በሌላ ሰው እርሻ ላይ ያለ ደመወዝ ሌት ተቀን የሚሠራ ሥጋ ነው። ጨው ከቀመሰ ይነቃል፣ ማን እንደሆነ ያስታውሳል፣ ትቶም ይሄዳል ይባላል። ሄይቲያዊው የሚፈራው ዞምቢ እንዳይዘው አይደለም፤ ዞምቢ እንዳይሆን ነው። ባርነት ከተሻረ በኋላ ባርነትን እንዲህ በአንድ ምስል ያስታወሰ ሕዝብ ብዙ አላውቅም። ሆሊውድ ግን በ1932 «ኋይት ዞምቢ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ገና ሄይቲን ይዘው ሳሉ፣ ተጎጂውን ወስዶ አስፈሪ አደረገው።

ላኩ

ነጻነት ከመጣ በኋላ መሪዎቹ ሕዝቡን ወደ ሸንኮራ እርሻው ሊመልሱት ደጋግመው ሞከሩ፤ የ1826ቱ የገጠር ሕግ ገበሬውን ከእርሻው እንዳይለቅ ያስር ነበር። ገበሬው ግን ወደ ተራራው ወጣ። በዚያም «ላኩ» የሚባለውን አቆመ፤ የአንድ ዘር ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ዙሪያ፣ በአንድ ሽማግሌ ሥር፣ ከሙታኖቻቸው መቃብር አጠገብ የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በግቢው ውስጥ «ደማምብሬ» የሚባል ቁራሽ መሬት አለ። የአባቶችና የልዋዎች ነውና አይከፋፈልም፣ አይሸጥም። የቤተሰቡ መናፍስት ከመሬቱ ጋር አብረው ይወረሳሉ። መሬትህን ከሸጥህ አያቶችህን ሸጥህ ማለት ነው። ይህ እምነት፣ በሥነ መለኮቱ ላይ የምንለው ምንም ይሁን ምን፣ ድኻውን ገበሬ ከመሬት ነጣቂ የጠበቀ አጥር ነበር። በጎናይቭ አካባቢ ያሉት ሱቬናንስ፣ ሱክሪና ባጆ የተባሉት ታላላቅ ላኩዎች እስከ ዛሬ አሉ።

ሥራውም የጋራ ነው። «ኮንቢት» የሚሉት የእኛው ደቦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎረቤት ይጠራል፣ ከበሮ ይመታል፣ እየተዘፈነ ይቆፈራል፣ ባለ ማሳው ምሳ ያበላል፣ ነገ ደግሞ ለሌላው ይሄዳል። እጅ ሲበዛ ሸክም ይቀላል የሚል ተረት አላቸው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የምንለው እኛ ወዲያው ይገባናል። የእርሻው ልዋ ዛካ ራሱ በገበሬ ልብስ፣ የሣር ባርኔጣ ደፍቶና አገልግል መሰል ቦርሳ አንግቶ ነው የሚታየው።

የቩዱ ሥነ ምግባር በመመገብ ዙሪያ ይሽከረከራል። ልዋዎች ይመገባሉ፣ ሙታን ይመገባሉ፤ ሥርዓቱ ሲፈጸም ግን ምግቡን የሚበላው ሰው ነው። ለመንትዮች መናፍስት በሚደረገው ግብር ሕፃናቱ ይበላሉ፤ «የድኾች ማእድ» በሚባለው ደግሞ ለማኞች ተጠርተው ይጋበዛሉ። ፈጣሪውን «ቦንዲዬ» ይሉታል፤ ቸር አምላክ ማለት ነው፤ በእርሱ ላይ ሌላ የለም። ስለ እርሱ ከሚተርቷቸው ተረቶች አንዱ እግዚአብሔር ይሰጣል እንጂ አያከፋፍልም ይላል። የእግዚአብሔር ስጦታ ለሁሉ የሚበቃ ነው፤ ድርሻ ድርሻውን ማዳረስ የሰው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ረኀብ ካለ የሚጠየቀው አከፋፋዩ ነው ማለታቸው ነው። ከዚህ የተሻለ የዓሞጽ ማብራሪያ በአንድ ዐረፍተ ነገር አላየሁም።

በመልካምና በክፉም መካከል ይለያሉ። ከአባቶች የተወረሰውን፣ «ጊነን» የሚሉትን የጥንት መንገድ የሚያገለግል ኡንጋን (ሴት ከሆነች ማምቦ) ይከበራል። ኀይልን በገንዘብ ገዝቶ ጎረቤቱን የሚጎዳው ግን ቦኮር ይባላል፤ «በሁለት እጁ የሚሠራ» እያሉም ይተቹታል። ወንጌላዊ ጽሑፎቻችን ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርገው «ጠንቋይ» ይላሉ። ልዩነቱን ሕዝቡ ራሱ አጥብቆ የያዘው ስለሆነ፣ የማያውቅ ሰባኪ ገና አፉን ሲከፍት ይታወቃል።

ልንቀበለው የማንችለው

ይህን ሁሉ ስል በማእዱ አብረን እንቀመጥ ማለቴ አይደለም። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 10 ስለ አጋንንት ማእድ የጻፈው አልተሻረም። ቦንዲዬ ቸር ቢሆንም ሩቅ ነው፤ የዕለት ጉዳይ የሚያልቀው ከልዋዎች ጋር ነው፤ ልዋዎች ደግሞ ያበደሩትን ያስከፍላሉ። ግብራቸው ከዘገየ በሽታ ይልካሉ፣ ከብት ይገድላሉ። ድኻ ገበሬ መሬቱን የሚጠብቅለትን አጥር ለመቀለብ አንዳንዴ የመሬቱን ፍሬ ሁሉ ያወጣል። የቆላስይስ መልእክት፣ የማይታዩ ኀይላት ሁሉ በክርስቶስ የተፈጠሩና በመስቀሉ የተሸነፉ መሆናቸውን ሲናገር፣ ለእንዲህ ያለው ሰው የነገረ መለኮት ዝርዝር ሳይሆን የዕዳ ስረዛ ነው።

ሜትሮ እምነት አልባ ተመራማሪ ነበር፤ ግን ይህንኑ ሳይደብቅ ጽፏል። ብዙ ገበሬዎች ፕሮቴስታንት የሚሆኑት ከልዋዎች ቁጣ መጠጊያ ፈልገው መሆኑን አስተውሏል። በእኛም አገር ውቃቢ ካለበት ቤት ወጥተው ወደ ወንጌል የመጡ ሰዎች ይህን ለማስረዳት ምሁር አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን የሜትሮ ምልከታ ሌላ ጠርዝ አለው። ሰውየው ጠባቂ ለወጠ እንጂ ዓለሙን አልለወጠም። ደግሞም የሚተወው መናፍስቱን ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡን ግብር እምቢ ሲል ከላኩው፣ ከመሬቱ ክርክር፣ ከአያቶቹ መቃብርም ይርቃል። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሰው እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ ከሰጠችው፣ ከሰጠችው የወሰደችበት ይበልጣል።

በሐዋርያት ሥራ 16 በፊልጵስዩስ የነበረችውን ገረድ ያስታውሷታል። የጥንቆላ መንፈስ ነበረባት፤ ባለቤቶችም ነበሯት። ጳውሎስ መንፈሱን ባስወጣ ጊዜ የጮኹት ባለቤቶቿ ነበሩ፤ ጥቅማቸው ቀርቶባቸዋልና። በሳን ዶማንግ የተላኩት ካህናት መንፈሱን ሊያስወጡ ሲታገሉ ባለቤቶቹን አልነኩም፤ ከትእዛዙ አንዳንዱ ማኅበር ራሱ እርሻና ባሪያ ነበረው።

ምስክርነት

ቩዱን በኀይል ለማጥፋት ብዙ ተሞክሯል። ከ1915 እስከ 1934 አገሪቱን የያዘው የአሜሪካ ጦር ቤተ አምልኮዎቹን እየወረረ ከበሮ ሲያቃጥል፣ በዚያው ዘመን ገበሬውን በገመድ እያሰረ ያለ ክፍያ መንገድ ያሠራ ነበር። ዣን ፕራይስ-ማርስ በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ የገዛ አገሩን ምሁራን፣ ፈረንሳይን ለመምሰል ስትሉ የእናቶቻችሁን እምነትና ተረት አፈራችሁበት ብሎ የወቀሰው በዚህ ውርደት መካከል ነው። በ1941 እና 1942 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በፕሬዚዳንት ሌስኮ ድጋፍ «ፀረ አጉል እምነት ዘመቻ» አካሄደች። ምእመናን ቩዱን እንደካዱ በመሐላ እንዲያረጋግጡ ተደረገ፤ ቅዱስ የሚባሉ ዛፎች ተቆረጡ፣ የአምልኮ ዕቃዎች ተከምረው ተቃጠሉ። ደራሲው ዣክ ሩማን በጊዜው ተቃውሞውን አሳተመ፤ ገበሬው የሚያስፈልገው ሐኪምና ትምህርት ቤት እንጂ እሳት አይደለም የሚል ነበር ክርክሩ። ዘመቻው በወራት ውስጥ ቆመ፤ ቩዱ ግን አልቆመም።

ከ1957 ጀምሮ የገዛው ፍራንስዋ ዱቫሊየር ደግሞ በተቃራኒው ኡንጋኖችን አቀረበ፤ አንዳንዶቹንም የሽብር ሠራዊቱ አባላት አደረጋቸው። የሃይማኖት መሪ ወደ ቤተ መንግሥት ሲጠጋ የሚሆነው ነገር ከሃይማኖት ሃይማኖት ብዙ አይለያይም። ልጁ ፌብሩዋሪ 1986 ሲሸሽ ሕዝቡ በብዙ ኡንጋኖችና ማምቦዎች ላይ ተነሣ፤ ጥፋተኛውም ንጹሑም ተገደለ። በግድያው ውስጥ ክርስቲያኖችም እጅ ነበራቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከ1935 ጀምሮ የነበረውን የክልከላ ሕግ ሻረ፤ በ2003 ቩዱ በመንግሥት ዐዋጅ እንደ ሃይማኖት ታወቀ።

ከዚያ 2010 መጣ። የውሉ ታሪክ ከቴሌቪዥን ወደ ድንኳን ሰፈሮቹ ወረደ፤ ፌብሩዋሪ ላይ በሲቴ ሶሌይ ለሙታን የሚደረግ የቩዱ ሥርዓት በድንጋይ ተበተነ። ኦክቶበር ላይ ኮሌራ ገባ። ሄይቲ ይህን በሽታ አታውቀውም ነበር፤ ሕዝቡ ከሳሽና ተከሳሽ ፈለገ። ኡንጋኖች በዱቄት መልክ በሽታውን ይረጫሉ የሚል ወሬ ተነዛ። ኡንጋን በብዙ የገጠር ቀበሌ ቅጠል የሚያውቀው ብቸኛው ባለ መድኃኒት ነው፤ በሽተኛ ካለበት ቤት ስለማይጠፋ ለክሱ ቅርብ ነበር። እስከ ዲሴምበር ድረስ ከ40 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ግራንዳንስ በተባለው ምዕራባዊ ክፍል፣ በመንጋ ተገደሉ። ማክስ ቦቩዋር፣ በወቅቱ የቩዱ አገልጋዮች የበላይ መሪ፣ መንግሥት እንዲደርስላቸው በይፋ ለመኑ።

ኮሌራውን ያመጣው ዱቄት አልነበረም። በሚርባሌ አጠገብ ከሰፈሩት የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ ወደ ሜይ ወንዝ የፈሰሰ እዳሪ ነው፤ ከዚያ ወደ አርቲቦኒት ወርዶ አገሩን አዳረሰ። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን ዲሴምበር 2016 ላይ ሄይቲያውያንን ይቅርታ ጠየቁ። እስከዚያ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች በበሽታው ሞተዋል፤ ግራንዳንስ ውስጥ በድንጋይና በቆንጨራ የሞቱት ከዚህ ቁጥር ውጪ ናቸው።